የፀሐይ ሀብታችን፦ ቫይታሚን ዲ ለሰውነታችን የሚሰጠው ጥቅም

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ኮሚቴው ከሒሳብ ሪፖርቱ በፊት ይህችን ጥቂት ጊዜ ፈቅዶልናል። ሪፖርቱን ለመስማት እንደቸኮላችሁ እናውቃለን፤ የድንኳኑ ሸራ ነገር ካለፈው ዓመት ያደረ ስለሆነ ዛሬም ክርክር አይጠፋም። ቢሆንም ጥቂት ታገሡን።

የምንናገረው ቫይታሚን ዲ ስለሚባለው ነገር ነው። አንዳንዶቻችሁ «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ሐኪም ሆነ?» ትሉ ይሆናል። እውነታችሁን ነው። እኛ ሐኪም አይደለንም፤ ትምህርታችንም ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ዕድሜያችንን የፈጀነው በመዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል በማውጣትና በማግባት፣ ገቢና ወጪ ደብዳቤ በመመዝገብ ሲሆን፣ በ2012 ዓ.ም. በጡረታ ተገለልን። ነገር ግን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አንድ ጠባይ አለው፤ ያልገባውን ወረቀት ዝም ብሎ አያስቀምጥም፣ ጠይቆና ፈልጎ ቦታውን ያስይዘዋል። ይህንንም ነገር ያወቅነው እንደዚሁ በመጠየቅና በማንበብ ነው። ለማወቅ የተነሣነው ግን በገዛ ቤታችን በደረሰ ጭንቀት ምክንያት ስለሆነ፣ ነገሩን ከዚያ እንጀምራለን።

ልጃችን በጥር ወር 2013 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጇን፣ ለእኛም የመጀመሪያውን የልጅ ልጅ፣ በሰላም ተገላገለች። የምትኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የወሊድ ፈቃዷ አልቆ ሥራ ስትገባ ባለቤታችንና እኛ እየሄድን ሕፃኑን ስንጠብቅ እንውል ነበር። ባለቤታችን በድሮው ልማድ «ጠዋት ጠዋት ወደ ግቢው አውርደን ፀሐይ እናሙቀው» ስትል «አይሆንም» ያልነው እኛ ነን። ምክንያታችን ብዙ ነበር። ምች ይመታዋል አልን። በግቢው የሚውለው ሰው ብዙ ነው፣ የሰው ዓይን ያርፍበታል አልን። ደረጃውም አድካሚ ነው አልን። እውነቱን ለመናገር ግን ትልቁ ምክንያት እልህ ነበር፤ አንዴ «አይሆንም» ካልን በኋላ መመለስ አልወደድንም። «ፀሐይ ከፈለጋችሁ በመስኮት ይገባላችኋል» ብለን አልጋውን ከመስታወቱ ሥር አስጠጋነው። ፀሐዩ በመስታወት እየገባ ሕፃኑን ሲያሞቀው እያየን ጥሩ ሥራ የሠራን መሰለን።

ሕፃኑ ዓመት ሞላው፤ አልቆመም። ጥርሱ ዘገየ፣ ግንባሩ ወጣ ወጣ አለ፣ የእጁ አንጓ ወፈረ፣ ሲተኛ ራሱን ላብ ያጠምቀዋል። ዓመት ከመንፈቅ ሊሞላው እንኳ «ወፌ ቆመች» ብለን አላጨበጨብንለትም። ጎረቤት «ወንድ ልጅ እኮ ይዘገያል» አለን፤ እኛም የሚስማማን ነገር ስለነበር ደስ ብሎን ተቀበልነው። በሐምሌ ወር 2014 ዓ.ም. አንድ ሌሊት ግን ትንፋሹ ተቆራረጠ፤ ጎኑ ወደ ውስጥ ይሰረጉድ ጀመር። በዝናብ ይዘነው ወደ ሆስፒታል ሮጥን። የሳንባ ምች ነው ተባለ። የፀሐይ ምች ፈርተን ያስቀመጥነውን ልጅ የሳንባ ምች አገኘው ማለት ነው።

ተረኛዋ ሐኪም ወጣት ናት፤ ኦክስጅኑን አስገጥማ ካረጋጋችው በኋላ የእጁን አንጓ ደጋግማ ዳሰሰች። የጎን አጥንቱንም ቆጠረች። ከዚያም ወደ እኛ ዞር ብላ «አባባ፣ ይህ ልጅ ፀሐይ ይሞቃል?» አለች። «አዎን፣ በመስኮት ይሞቃል» አልናት። «አባባ፣ በመስኮት የሚገባው ሙቀቱ ነው እንጂ ጥቅሙ አይገባም» አለችን። ባለቤታችን ምንም አልተናገረችም፤ ዞር ብላም አላየችንም። ያ ዝምታ ከስድብ የከፋ ነበር። እናንተም እንደምታውቁት የዚህ እድር አባሎች ሆነን ስንት ትንሽ ሣጥን ተሸክመናል። በዚያች ሌሊት ያች ትንሽ ሣጥን ወደ እኛ ቤት የምትመጣ መሰለን።

በፈጣሪ ቸርነትና በሐኪሞቹ ድካም ልጁ በ11ኛው ቀን ከሆስፒታል ወጣ። በሽታው ሪኬትስ የሚባለው የአጥንት መለስለስ እንደሆነ፣ ምክንያቱም የቫይታሚን ዲ ማነስ እንደሆነ ተነገረን። እኛም «ይህ ቫይታሚን ዲ የሚባለው ነገር ምንድን ነው?» ብለን መጠየቅ የጀመርነው ከዚያ ወዲህ ነው።

እንግዲህ ሰውነታችንን እንደ አንድ እድር ብንቆጥረው ነገሩ ይቀለናል። ካልሲየም የሚባለው ማዕድን መዋጮው ነው። በሰውነታችን ካለው ካልሲየም ከመቶ 99 እጁ በአጥንትና በጥርስ ተቀምጦ ይገኛል፤ ይኸ በባንክ ያለው ገንዘባችን ነው። የቀረው አንድ እጅ ያህል በደምና በሌላው አካል ውስጥ ይዘዋወራል፤ ይኸኛው ገንዘብ ያዡ ለዕለት ወጪ በእጁ የሚይዘው ነው። ልብ የሚመታው፣ ጡንቻ የሚኮማተረው፣ ነርቭ መልእክት የሚያደርሰው በዚህች በትንሿ ነው። ስለዚህ በደም ውስጥ ያለው መጠን እንዲጎድል ሰውነት ፈጽሞ አይፈቅድም።

ታዲያ ቫይታሚን ዲ ምንድን ነው ቢባል መዋጮውን ተቀብሎ ወደ ውስጥ የሚያስገባው ሰው ነው። ጤፉም፣ ጎመኑም፣ ወተቱም ካልሲየም አለው። ነገር ግን ቫይታሚን ዲ ከሌለ አንጀት ከመጣለት ካልሲየም ከመቶ ከ10 እስከ 15 እጁን ብቻ ይቀበላል፤ ቫይታሚኑ በበቂ ሲኖር ግን ከ30 እስከ 40 እጅ ድረስ ይቀበላል። የቀረው ተቀባይ አጥቶ እንደመጣ ይወጣል። አባል መዋጮውን ይዞ መጥቶ በሩ ተዘግቶበት ሲመለስ ማለት ነው።

መዋጮ ካልገባ ምን ይደረጋል? በአንገታችን ውስጥ ከታይሮይድ እጢ ጀርባ አራት ትንንሽ፣ እንደ ምስር ፍሬ ያሉ እጢዎች አሉ። የነዚህ ሥራ የደሙን ካልሲየም መቆጣጠር ነው። ጎደለ ባሉ ጊዜ ወደ አጥንት ትእዛዝ ልከው ከባንኩ ያስወጣሉ። ዛሬ ጥቂት፣ ነገ ጥቂት እየተባለ ሲወጣ በአዋቂ ሰው አጥንቱ ይሳሳል፣ ይለሰልሳል፤ በሕፃን ደግሞ ገና በመሠራት ላይ ያለው አጥንት ሳይጠነክር ይቀርና የሰውነቱን ክብደት መሸከም ሲያቅተው ይጎብጣል። እግር የሚወለገደው ለዚህ ነው። የደሙ መጠን ሳይጓደል ስለሚቆይ ሰውየው ለረጅም ጊዜ ምንም አይታወቀውም። ካዝናው ሙሉ መስሎ ባንኩ ባዶ የሆነበትን እድር ታውቃላችሁ፤ እንደዚያ ነው።

ይህ ቫይታሚን ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ሌሎቹን የምናገኘው ከምግብ ነው፤ ይህን ግን በአብዛኛው ሰውነታችን ራሱ ይሠራዋል። በቆዳችን ውስጥ የኮሌስትሮል ዘመድ የሆነ ነገር አለ። የፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያለውና በዓይን የማይታየው አልትራቫዮሌት ቢ የሚባለው ጨረር ቆዳውን ሲመታ ይህ ነገር ተለውጦ ቫይታሚን ዲ ይሆናል። ግን ገና ሥራ አልጀመረም። በደም ተጭኖ ወደ ጉበት ይሄዳል፤ እዚያ አንድ ለውጥ ይደረግለታል። ከዚያ ወደ ኩላሊት ይሄዳል፤ እዚያም ሁለተኛው ለውጥ ይደረግለትና ሥራውን ይጀምራል። አንድ ደብዳቤ በሦስት ክፍል አልፎ ማኅተም ሳያርፍበት እንደማይሠራ ሁሉ፣ ይህም በቆዳ፣ በጉበትና በኩላሊት ካላለፈ አይሠራም። የኩላሊት ሕመም የጠናባቸው ሰዎች አጥንታቸው የሚታመምበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የመስኮት መስታወት ደግሞ ያንን ጨረር በሩ ላይ ያስቀረዋል። ሙቀቱና ብርሃኑ ይገባል፤ ጨረሩ አይገባም። ሐኪሟ የነገረችን ይህንን ነበር።

ሰዎች ይህን ለማወቅ ብዙ ዘመን ፈጅቶባቸዋል። ፍራንሲስ ግሊሰን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ ሪኬትስ እ.ኤ.አ. በ1650 መጽሐፍ ጽፎ ነበር። ኋላም የአውሮፓ ከተሞች በፋብሪካ ጢስ ሲጨልሙና ድሆች በጠባብ መንገዶች መካከል ተጨናንቀው ሲኖሩ የልጆቹ እግር ይወለገድ ጀመር። ሽኒያዴትስኪ የሚባል የፖላንድ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1822 የዋርሶ ከተማ ልጆች ከገጠሩ ልጆች ይልቅ እንደሚታመሙ አይቶ፣ መድኃኒቱ ፀሐይ ነው ብሎ ጻፈ። ብዙ ሰው ግን አልሰማውም። እ.ኤ.አ. በ1919 ሁልድሺንስኪ የሚባል ሐኪም በበርሊን የታመሙትን ልጆች አልትራቫዮሌት በሚያወጣ መብራት አዳናቸው። ደንቅ የሚለው ነገር ጨረሩን በአንድ እጅ ላይ ብቻ ሲያሳርፍ ሌላውም እጅ አብሮ ዳነ። ይህም ቆዳው የሚሠራው ነገር በደም አማካይነት ወደ መላው አካል እንደሚሄድ አሳየ። በዚያው ጊዜ ሜላንቢ የሚባል እንግሊዛዊ በውሾች ላይ ሞክሮ የኮድ ዓሣ ጉበት ዘይት ሪኬትስን እንደሚከላከል አረጋገጠ። አሜሪካዊው ማኮለም እ.ኤ.አ. በ1922 ይህ ነገር ራሱን የቻለ ቫይታሚን መሆኑን ሲለይ፣ ኤ፣ ቢ እና ሲ ቀድመው ስለተያዙ ተራው ዲ ሆነ። ቪንዳውስ የሚባል ጀርመናዊ ሊቅም በዚህ ዙሪያ ላደረገው ምርምር እ.ኤ.አ. በ1928 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

አሁን ወደ ሀገራችን እንምጣ። ኢትዮጵያ «የ13 ወር ፀጋ» እየተባለች ለቱሪስት ስትነገር የነበረች ሀገር ናት። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ ለቫይታሚኑ ትበቃለች። ነገር ግን የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንደተባለው ሆኖብናል። በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ሐኪሞች ያደረጉትና እ.ኤ.አ. በ1997 በውጭ ሀገር የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት አለ። ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ 500 የሳንባ ምች የያዛቸው ልጆችንና 500 ያልያዛቸውን ሲያነጻጽሩ፣ ከታመሙት መካከል ሪኬትስ የተገኘባቸው 210 ሲሆኑ ከሌሎቹ መካከል ግን 20 ብቻ ነበሩ። የጎን አጥንትና የደረት ጡንቻ ሲደክም ሳንባ እንደልቡ አይሠራም፤ በሽታን የመከላከሉም ኃይል ይቀንሳል ይላሉ። ይህን ባነበብን ጊዜ ያቺን የሐምሌ ሌሊት አስታወስን።

ሌላም ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ወጥቷል። በአዳማ ከተማና በዙሪያው ባለው ገጠር ባሉ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ነው። የከተማዎቹ ልጆች ከመቶ 62 ያህሉ፣ የገጠሮቹ ግን ከመቶ 21 ያህሉ ብቻ ቫይታሚኑ አንሷቸው ተገኘ። ያው ፀሐይ፣ ያው ሀገር ነው። ልዩነቱ ምንድን ነው ቢባል የገጠሩ ልጅ ከብት ሲጠብቅ፣ ውሃ ሲቀዳ ደጅ ይውላል፤ የከተማው ልጅ ከክፍል ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ቴሌቪዥን ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸ ነው።

ባህር ማዶ ያሉ ልጆቻችንም ነገር አለ። ብዙዎቻችን ልጅ በስዊድን፣ በአሜሪካ፣ በእስራኤል አለን። እንደ ስቶክሆልም ባለ ሀገር በክረምቱ ወራት ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትሄድ ያ ጨረር ለብዙ ወራት አይገኝም። ጥቁር ቆዳ ደግሞ በተፈጥሮው ጥላ የያዘ ስለሆነ ያንኑ ያህል ቫይታሚን ለመሥራት ከነጭ ቆዳ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ወደ እስራኤል በገቡ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ላይ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣ ጥናትም ቫይታሚኑ አንሷቸው የተገኙት ብዙዎች ነበሩ፤ በእርግዝናና በማጥባት ጊዜም ይብስ ነበር። ስለዚህ ስልክ ስትደውሉ «ብር ላክልን» ብቻ አይሁን፤ «ቫይታሚን ዲህን ሐኪምህን ጠይቀሃል ወይ?» በሉት።

አሁን ደግሞ ወደ እኛ ወደ ሽማግሌዎቹ እንመለስ። ሰው ሲያረጅ ቆዳው ቫይታሚኑን የመሥራት ችሎታው ይቀንሳል፤ የ70 ዓመት ሰው ቆዳ ከወጣቱ ከግማሽ በታች ሊሠራ ይችላል። በዚያ ላይ ሽማግሌ ከቤት አይወጣም፣ ሲወጣም ተከናንቦ ነው። አጥንቱ ሲለሰልስ ጭንና ወገብ ያማል፣ ጡንቻው ይደክማል፣ ከወንበር ለመነሣት በእጅ መደገፍ ይመጣል። በዚህ እድር ውስጥ ስንቶቹ ናቸው ደጃፋቸው ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ አልጋ ላይ የቀሩት? እኛ ለቅሶ ላይ ተቀምጠን «አይ፣ ጥቂት ነገር ነበረች እኮ፣ ወድቀው ነው» እንባባላለን። ጥቂቷ ነገር መውደቋ ናት፤ አጥንቱ ግን ቀድሞ ቆይቷል።

እኛም ራሳችን አመልጣለሁ ማለት አልቻልንም። መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ስለነበር ጠዋት በ2 ሰዓት ተኩል ገብተን ማታ በ11 ሰዓት ተኩል እንወጣ ነበር፤ ምሳችንንም በሣህን ይዘን እዚያው ነው። ለዓመታት ጭናችንን ሲያመን ሪህ ነው እያልን ቅባት እንቀባ ነበር። በሕፃኑ ሰበብ የእኛም ደም ሲታይ፣ 20 ናኖግራም በሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ቢሆን ይበቃል የሚባለው 11 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ያዘዘልንን ከወሰድንና ደጅ መዋል ከለመድን ወዲህ ሕመሙ ብዙ ቀንሶልናል። ይህን ስንል ግን ጭን ያመመው ሁሉ ቫይታሚን ዲ ጎድሎታል ማለታችን አይደለም። ሕመም ምክንያቱ ብዙ ነው፤ መርምሮ የሚለየው ሐኪም ነው።

ከምግብስ አይገኝም ወይ ትሉ ይሆናል። ይገኛል፤ ግን ጥቂት ነው። ቅባት ያለው ዓሣ፣ የዓሣ ጉበት ዘይት፣ የእንቁላል አስኳል፣ ጉበት ቫይታሚኑ አላቸው። በአንዳንድ ሀገር ወተትና ዘይት ላይ ይጨምሩበታል። እንጀራችንና ሽሯችን ግን ሌላ ብዙ ጥቅም ቢኖራቸውም ይህን አይሰጡንም። የእናት ጡት ወተት ለሕፃን ተወዳዳሪ የሌለው ምግብ ነው፤ ሆኖም ቫይታሚን ዲ በውስጡ ጥቂት ስለሆነ ጡት የሚጠባ ሕፃን ወይ ፀሐይ ወይ በሐኪም የታዘዘ ጠብታ ያስፈልገዋል። የአሜሪካ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2010 እንዳወጡት ለሕፃን በቀን 400፣ ከዓመት በላይ እስከ 70 ዓመት ላለው 600፣ ከ70 በላይ ለሆነው 800 ኢንተርናሽናል ዩኒት ይበቃል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ጥሩ ነው ሲባል ከመጠን በላይ መውሰድ የኛ ሰው ጠባይ ነው። ፀሐይ ብትሞቁ ሰውነት የተረፈውን ራሱ ያፈርሰዋል፤ ኪኒኑ ግን እንዲህ አይደለም። በስብ ውስጥ እየተጠራቀመ የደሙን ካልሲየም ከልክ በላይ ያወጣና ማስመለስን፣ የኩላሊት ጠጠርን፣ የኩላሊትንም ጉዳት ያመጣል። በአውስትራሊያ 70 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑ 2,256 ሴቶች ላይ ሙከራ ተደርጎ ነበር። ለግማሾቹ 500,000 ዩኒት በዓመት አንድ ጊዜ ሲሰጣቸው፣ መውደቁም መሰበሩም እንደሚቀንስ ሲጠበቅ ጭራሽ ባሰ፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2010 ታተመ። በአሜሪካም ከ25,000 በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ በቀን 2,000 ዩኒት እየተሰጠ ለዓመታት ሲጠና ካንሰር መያዝንም የልብ ሕመምንም እንዳልቀነሰ እ.ኤ.አ. በ2018፣ በጤነኞቹም ሰዎች ላይ የአጥንት ስብራትን እንዳልቀነሰ እ.ኤ.አ. በ2022 ተገለጸ። ስለዚህ «ለሁሉ በሽታ ይሆናል» ብሎ የሚሸጥላችሁን አትመኑ። ለጎደለው ሰው ሕይወት ነው፤ ላልጎደለው ግን ትርፉ ጥቂት ነው። ጤነኛ ሰውም ሁሉ በውድ ዋጋ ደሙን ያስመርምር አይባልም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የአሜሪካ የሆርሞን ሐኪሞች ማኅበር መመሪያም ይህንኑ ይላል።

ፀሐይስ ስንት ሰዓት ትሞቃለች? አባቶቻችን ሰዓት ሳይኖራቸው ጥላቸውን በእግር እየለኩ ጊዜ ይቆጥሩ ነበር። ለዚህም ያ ልማድ ይጠቅማል፤ ጥላችሁ ከቁመታችሁ በጣም ሲረዝም ያ ጨረር ደካማ ነው፣ ሲያጥር ደግሞ ብርቱ ነው። ገና ጎሕ ሲቀድ ያለው ፀሐይ ደስ ይላል እንጂ ለዚህ ሥራ አይበቃም። ለእኛ ልጅ የታዘዘው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ ልብሱ ወለቅለቅ ብሎ፣ ፊቱና ዓይኑ ተከልሎ ነበር። ሕፃን እስኪቃጠል ማስቀመጥ አይገባም። ቆዳቸው በተፈጥሮ ነጭ የሆነ አልቢኖ ወገኖቻችንና ፀሐይ የሚከለክል ሕመም ያለባቸው ግን ፀሐይ ስለሚጎዳቸው ሐኪም ሳያማክሩ አይሞክሩት።

እንግዲህ የመጣንበትን ጉዳይ እንናገር። ከእድሩ ገንዘብ አንጠይቅም፤ ገንዘብ ያዣችን አይደንግጡ። የምንለምነው ሦስት ነገር ብቻ ነው።

አንደኛ፣ በአባሎቻችን ቤት ልጅ ሲወለድ የሴቶች ኮሚቴያችን አራስ ለመጠየቅ ይሄዳል። ገንፎውን በልቶ ከመመለስ ጋር ለእናቲቱና በተለይም ለአያቶቹ ስለ ፀሐይ ይንገርልን። አያቶቹ ያልነው ሆን ብለን ነው፤ እንቢተኛው እዚያ ወገን ነውና። ክርስትና እስኪነሣ ከቤት አይወጣም የሚሉ ቢኖሩ፣ ጨረሩ በመስታወት ስለማይገባ በረንዳም ቢሆን ደጃፍም ቢሆን ይበቃል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋንም አብረው ይጥሩ።

ሁለተኛ፣ የወር መዋጮ የሚሰበሰበው ዕቃ ግምጃ ቤቱ ጨለማ ውስጥ ተሰልፈን ነው። ጠረጴዛው ወደ ግቢው ቢወጣና የእድሩ አግዳሚ ወንበሮች በግድግዳው ዳር ቢደረደሩ፣ ሽማግሌዎቹ በወር አንድ ቀን እንኳ ደጅ ተቀምጠው ይጨዋወታሉ። አንድ ቀን አይበቃም፤ ግን ልማድ የሚጀመረው ከአንድ ቀን ነው።

ሦስተኛ፣ አልጋ የያዙትን ስንጠይቅ «እግዜር ይማርዎ» ብለን ብቻ አንመለስ። ሁለት ሆነን ደግፈን ደጃፍ እናውጣቸው። ሣጥን ለመሸከም ስምንት ሰው የማናጣ ሰዎች፣ በሕይወት ያለውን ሰው እስከ ደጃፉ ለመደገፍ ሁለት ሰው አናጣም። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለም?

ስለዚህ የተከበረው ጉባኤ እነዚህን ሦስት ነገሮች በቃለ ጉባኤ እንዲይዝልን እንለምናለን። የቃለ ጉባኤ ጥቅም ምን እንደሆነ በዕድሜያችን አይተናል፤ ያልተጻፈ ነገር አልተባለም ማለት ነው።

ልጁን የጠየቃችሁን ብዙዎች ናችሁ። ለሦስት ወር የታዘዘለትን ጠብታ ወስዶ፣ ጠዋት ጠዋትም ደረጃውን ተሸክመን እያወረድነው፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላው በእግሩ ሄደ። ዛሬ አራት ዓመት አልፎታል፤ አሁን በውጭ የምትሰሙት ጩኸት የእሱና የጓደኞቹ ነው። ቀኝ እግሩ ላይ ጥቂት ወልገድ ማለት ቀርታለች፤ ሲያድግ ትጠፋለች ብለውናል። ባየናት ቁጥር ግን ያ እልሃችን ትዝ ይለናል። ባለቤታችንም «አይሆንም» ስንል መስማት ትታለች፤ ደኅና አድርጋለች።